የከፋይ ኮት ከፋይ

ርዕሱን አይታችሁ ስለ ግብር ከፋይ ልጽፍ የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ። የምጽፈው ስለ አንድ ኮት ነው። አማርኛችን ቬልቬት የሚባለውን ጨርቅም፣ ገንዘብ የሚያወጣውን ሰውም በአንድ ስም «ከፋይ» ብሎ ይጠራቸዋል። ባለፈው ገና ሁለቱ ከፋዮች እኛ ቤት ተገናኙ። ከፋዩን የለበስኩት እኔ ነበርኩ፤ ከፋይዋ ግን ሌላ ሰው ነበረች። ነገሩ እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እናቴ ከደብረ ብርሃን 2,000 ብር በቴሌብር ላከችልኝና ወዲያው ደወለች። «ለእህትህ ነጭ ሸራ ጫማ ግዛላት፤ ቁጥር 37። አዲስ አበባ ይረክሳል ብለውኛል። የተረፈው ለመሳፈሪያህ ይሁንህ» አለችኝ። እናቴ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ድንች ነው የምትሸጠው። 2,000 ብር ለማትረፍ ስንት ቀን ፀሐይና ንፋስ ላይ መቀመጥ እንዳለባት አውቃለሁ፤ ልጅ ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ ሚዛኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

ጫማውን ልገዛ መገናኛ ወረድኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የወረድኩት ለጫማው ነው። ጫማው ጋ ከመድረሴ በፊት ግን ሰልባጅ የሚዘረጉት ልጆች አሉ። ከክምሩ ውስጥ አንድ እጅጌ ተንጠልጥሎ አየሁ። ቀለሙ የወይን ጠጅ። ነካሁት። የጋርመንት ተማሪ ደግሞ ጨርቅ ከነካ በኋላ ዝም ብሎ አያልፍም። መዝዤ አወጣሁት፤ ገበሩን ገለበጥኩ፤ የትከሻውን ስፌት አየሁ፤ ደረቱንና ጀርባውን በመዳፌ ዳሰስኩ። ጸጉሩ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛል። ለበስኩት። ትከሻው ልክ እዚያው፣ የእኔ ትከሻ የሚያልቅበት ላይ አለቀ።

«ስንት ነው?»

«1,800። ብራዘር፣ ይሄ እኮ ከውጭ የመጣ ኦሪጅናል ነው!»

ሰልባጅ ሁሉ ከውጭ እንደሚመጣ ረስቼ ራሴን ነቀነቅሁ። ተከራክረን በ1,400 ብር ተስማማን። ኮቱን በፌስታል ይዤ ስመለስ ለራሴ «ጫማውን በሌላ ገንዘብ እገዛዋለሁ» አልኩት። የትኛው ሌላ ገንዘብ? እሱን አልጠየቅሁትም።

አሁን ወደ ትምህርታችን ልመለስ፤ አዲስ ለገቡት ልጆች ከፋይን ላስታውሳቸው። ከፋይ በብዛት የሚሠራው ሁለት ጨርቅ ፊት ለፊት ሆኖ በአንድ ላይ ሲሸመን ነው። በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ተጨማሪ ድር አለ። ይህ ድር በምላጭ ለሁለት ሲሰነጠቅ ሁለት ከፋይ ይወጣል፤ የተቆረጠው ጫፍ ነው እንደ ጸጉር የሚቆመው። ድሮ ከሐር ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ ገበያ ላይ የምናገኘው በአብዛኛው ከፖሊስተር ወይም ከጥጥ ነው። ዓይናችን ከጸጉሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲያይ ይጠቁራል፤ በጎኑ ሲያየው ያበራል። ስለዚህ አንዱ ቁራጭ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ተደርጎ ከተቆረጠ ኮቱ ከሁለት ዓይነት ጨርቅ የተሰፋ ይመስላል። ይህን ክፍል ውስጥ ስንማር ማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር። የገባኝ ግን ኮቱን ዶርም ውስጥ አምፖል ሥር ሳገላብጠው ነው።

ችግሩ የጨርቁ ታሪክ ነው። በእኛ አገር ከፋይ የሠርክ ልብስ ሆኖ አያውቅም። ከፋይ የምናየው በጥምቀት ዣንጥላ ላይ፣ በካህናት ካባ ላይ፣ በሙሽሮች ካባ ላይ ነው፤ ያውም ዙሪያውን በወርቅማ ክር ተጠልፎ። ከፋይ የለበሰ ሰው ወይ ይባርካል ወይ ያገባል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ለማድረግ ገና ነኝ።

ይህን ሳላስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለብሰው ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር የሱፍ ሱሪ፣ በቀለም ያበደ ጥቁር ጫማ፣ በላዩ ላይ ከዶርም ልጅ የተዋስኩትን ክራቫት። የዶርሙን በር ከፍቼ ስገባ አንደኛው «ሚዜው መጣ!» አለ። ሁለተኛው ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ «አባታችን፣ ይባርኩን» አለኝ። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣኝ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ የሴክሽናችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አለ።

ያዳነችኝ አንዲት የክፍላችን ልጅ ናት። በማግስቱ ላይብረሪ በር ላይ አግኝታኝ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ሁሉም ነገርህ በዓል ሆነ እኮ!» አለችኝ። «ኮቱ ብቻውን በዓል ነው። ሌላው የሥራ ቀን ይሁን።»

እንግዲህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የተማርኩትን የአለባበስ ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ክራቫቱን አወለቅሁ። ሸሚዙ በግራጫ ካኔቴራ ተተካ፤ ብርድ ሲሆን በላዩ ስስ ሹራብ። የሱፍ ሱሪው በጂንስ ተተካ፤ ያውም ባልተቀደደና ባልነጣ። የኮቱን ቁልፍ ከፈትኩት። መስታወት ፊት ስቆም ሚዜው ሄዶ ነበር፤ አንድ ተማሪ ቆሟል፣ ትንሽ ያማረበት ተማሪ።

«አሁን ገና!» አለችኝ። «ጫማውን ብቻ ቀይረው። ነጭ ሸራ ጫማ ቢሆን አሪፍ ነው።»

ነጭ ሸራ ጫማ። ቁጥር 37። ሆዴን አንድ ነገር ወጋኝ።

ሌላም ፈተና ነበረበት። ሰልባጅ ተጠቅጥቆ ታስሮ ስለሚመጣ የኮቱ ጀርባ ላይ የእጥፋት መስመር ነበር። አንድ የዶርም ልጅ ካውያ ይዞ ሊረዳኝ ሲመጣ ጮኼ አስቆምኩት። ከፋይን በፊቱ በኩል መተኮስ ማለት ጸጉሩን አጋድሞ መግደል ነው፤ የካውያው ቅርጽ እንደ ማኅተም ይቀራል። ይልቅ ኮቱን ሰቅዬ ሥሩ ማንቆርቆሪያ አፈላሁ። እንፋሎቱ ጸጉሩን ቀስ እያደረገ አነሣው፤ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ተኛበት አቅጣጫ ጠረግሁት። እጥፋቱ ጠፋ። የሆዴ ውጋት ግን አልጠፋም።

ታኅሣሥ 27 ቀን ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈርኩ። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ሄድኩ። የደብረ ብርሃንን ታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር የምትጠጋ ከተማ ናት፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ብርድ ልብስ የሚያመርት ፋብሪካ ያላትም ያለ ነገር አይደለም።

እህቴ መናኸሪያ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ስወርድ ዓይኗ ኮቱ ላይ አላረፈም፤ በቀጥታ እጄን ነው ያየችው። በእጄ የያዝኩት የራሴን ቦርሳ ብቻ ነበር።

«ቁጥር 37 አልቆ ነው» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ግድ የለም ወንድምዬ» ብላ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ «ኮትህ ግን በጣም ያምራል» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስንገባ አያቴ ከመደቡ ላይ እጇን ዘረጋችልኝ። ዓይኗ ደክሟል። ስስማት እጇ እጅጌዬ ላይ አረፈ፤ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅጌውን ተሳለመችው። ለእሷ እንዲህ ያለ ጨርቅ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሌላ ቦታ ነክታው አታውቅም። ማንም አልሳቀም። እናቴ ብቻ ኮቱን ትኩር ብላ አይታ «የማን ነው?» አለች። «ጓደኛዬ አዋሰኝ» አልኳት። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፤ ያውም በጾም።

የገናን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እናቴ ኮቴ ላይ ጋቢ ደረበችልኝ። ጎህ ሲቀድ ጋቢውን ባነሣው ኮቱ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኗል። እህቴ «በግ መሰልክ!» ብላ ከሣቋ የተነሣ ቁጭ አለች። ቤት ገብተን በስኮች ፕላስተር ሙጫውን ወደ ውጭ አድርጋ እጇ ላይ ጠቀለለችና እየነካካች ብናኙን ለቀመችልኝ። እያንዳንዷን ብናኝ እየፈለገች ስትለቅም ቆሜ ያረፍኩ የሚመስለውን ያህል ተሠቃየሁ።

ዶሮ ወጡ ተበላ፤ ቡናው ተፈላ። ጎረቤት ለማዳረስ ልንወጣ ስንል እህቴ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጎኑ በክር የተሰፋ አሮጌ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። ትንቀጠቀጣለች። ኮቱን አወለቅሁና አለበስኳት።

እጅጌው ስለረዘማት ሁለቴ አጠፈችው፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ገበር ወጥቶ ታየ። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ስለ ኮቱ ረሳችው። አክስታችን ቤት ድፎ ዳቦ ተሸክማ ሄደች። የጎረቤት ሕፃን አቀፈች። ሜዳው ላይ ልጆች ገና ሲጫወቱ የአንዱን ዱላ ነጥቃ ሩሯን አብራቸው አባረረች። እኔ ያንን ኮት በለበስኩባቸው ቀናት ግድግዳ እንዳይነካኝ፣ ሰው እንዳይታከከኝ፣ ወጥ እንዳይንጠባጠብብኝ ስጠነቀቅ እንደ ሐውልት ቆሜ ነበር የከረምኩት። እሷ ግን ሮጠችበት። በነጭ ቀሚስ ላይ፣ በታጠፈ እጅጌ፣ በአሮጌ ጫማ፣ ያ ኮት ያን ቀን እንዳማረው አምሮ አያውቅም። መጽሔት ላይ «ዘና ያለ አለባበስ» ብለው ሞዴል የሚያቆሙለት ነገር ይኸው ነው ብዬ አሰብኩ። ዘና ያለችው ልጅቱ ናት፤ ኮቱ ተከትሏት ዘና አለ።

እኔ ዘና ማለት ያቃተኝ ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ። የለበስኩት ነገር የእኔ አልነበረም።

ማታ እናቴ ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ» ብዬ ስጀምር ቀና ሳትል «በጫማው ነው የገዛኸው አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሚዛን ላይ ነው የምውለው። የጎደለ ነገር አይጠፋኝም።»

እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም። ሳህኑን ደፍታ «ገንዘቡ የእኔ ነው፤ ትቼዋለሁ። ጫማው ግን የእሷ ነው። ለእሷ አንተው ራስህ ንገራት» አለች።

ነገርኳት። እህቴ እንደኔ ቶሎ አትናገርም። ተነሥታ ወጣች፤ ደጅ ቆየች፤ ተመልሳ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። «እሺ» አለች። «ለጥምቀት ጫማዬን ላክልኝ። እስከዚያ ኮቱ እዚህ ይቆያል።»

«መያዣ መሆኑ ነው?»

«አዎ፣ መያዣ።»

እናቴ ከወዲያ ሆና ሣቀች። እኔም ታኅሣሥ 30 ቀን በአሮጌ ሹራቤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ነው። ሁለቱ አልፎ 10 ቀርቶኛል።

ዶርሙ በር ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፤ «ሱሪ ማሳጠር 60 ብር፣ ዚፕ መቀየር 100 ብር፤ ለበዓል እናደርሳለን።» «እናደርሳለን» ያልኩት ብዙ ሰው እንዲመስል ነው እንጂ እኔና መርፌዬ ብቻ ነበርን። ያቺ የክፍላችን ልጅ ግማሹን ሥራ ከሴቶቹ ዶርም አመጣችልኝ። 14 ሱሪ አሳጠርኩ፤ 3 ዚፕ ቀየርኩ፤ 1,140 ብር። ጥር 7 ቀን ነጩን ሸራ ጫማ በ1,100 ብር ገዛሁ። ቁጥር 37 አላለቀም ነበር። ከተቆለሉት ካርቶኖች ሦስቱ 37 ነበሩ።

ጫማውን በአንድ የሰፈራችን ልጅ እጅ ላክሁት። ጥር 9 ቀን ኮቱ በፌስታል ተጠቅልሎ መጣልኝ። ብናኝ የለበትም፤ አንድ ላልቶ የነበረ ቁልፍ ጠብቆ ተሰፍቷል፤ ክሩ ግን ነጭ ነው። እጅጌው እሷ እንዳጠፈችው ሁለቴ እንደታጠፈ ነበር። ዘርግቼ እንፋሎት ላይ ያዝኩት። ትንሽ ተነሣ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ጸጉሩ ለ10 ቀን ያህል በአንድ ቦታ ተጭኖ ስለነበር ሁለት ቀጭን መስመር ቀረበት። ከፋይ የተጫነውን ቶሎ አይረሳም።

ስለዚህ መልሼ አጠፍኩት።

በከተራ ዕለት ከክፍል ልጆች ጋር ጃን ሜዳ ወረድን። ግራጫ ካኔቴራ፣ ጂንስ፣ አሮጌ ጫማዬ፣ ኮቴ ክፍት፣ እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ። አንዱ የዶርም ልጅ «ይሄ ስታይል አሪፍ ነው፤ ከየት አመጣኸው?» አለኝ። «ከእህቴ ነው» አልኩት። ታቦታቱ ሲመጡ ዣንጥላዎቹ በላያችን አለፉ፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ከፋይ፣ ዙሪያቸው ወርቃማ ዘርፍ። ሕዝቡ ገፋን፤ አንዲት እናት ለእልልታ እጃቸውን ሲያነሡ የነጠላቸው ብናኝ ትከሻዬ ላይ ቀረ። አላራገፍኩትም።

መቼም የዲፓርትመንታችን መጽሔት ላይ ተጽፎ ሙያ ሳይነገር አይቀርምና፣ ለመጪው በዓል ከፋይ ኮት ለምታስቡ ያየሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። ስትገዙ ትከሻውን እዩ፤ እጅጌና ወገብ ይስተካከላል፤ የከፋይ ትከሻ ፈትቶ መስፋት ግን መርፌው ቀዳዳ ስለሚተው አስቸጋሪ ነው። ጸጉሩ በሁሉም ቁራጭ ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛቱን በመዳፋችሁ አረጋግጡ። የሚያበራ ነገር ኮቱ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ደብዘዝ ያለና ንጹሕ ይሁን። ሴቶች በሐበሻ ቀሚስ ላይ ብትደርቡት ያምራል፤ ጥልፉ ብዙ ከሆነ ግን ኮቱ አንድ ቀለም ይሁን። ካውያ አታስነኩት፤ እንፋሎት ይበቃዋል። ከጋቢ ጋር ከሄዳችሁ ስኮች ፕላስተር ያዙ። ከለበሳችሁት በኋላ ደግሞ እርሱት፤ ሕፃን ከመጣ አቅፉ፣ ዳቦ ከተሰጣችሁ ተሸከሙ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። የእኔ ኮት ለጥምቀት ደርሷል፤ በነጭ ክር በተሰፋ ቁልፍና በ10 ቀን ዘግይቶ። በከተራ ማታ እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። ፊቷ የለም፤ ቄጤማ ላይ የቆሙ ሁለት ነጭ ጫማዎች ብቻ። ከሥሩ የጻፈችው አንድ ቃል ነው፤

«ተከፍሏል።»